ማንም ያልዘለለው አጥር

(በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። «ዓለም አቀፍ ሕግ እንዴት ይወጣል? መንግሥታትስ ለምን ይታዘዙታል?» የሚለውን አውራልን ተብዬ ነው የመጣሁት። ርእሱ ደረቅ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ከአንድ አጥር ልጀምር። ዓመት ስጠራ «ዓ.ም.» ካልኩ የኛ አቆጣጠር ነው፤ ካላልኩ የፈረንጅ።

በቀበና በኩል የምትመላለሱ የጣሊያን ኤምባሲን ታውቁታላችሁ። ማለቴ አጥሩን ታውቁታላችሁ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ብዙ የሚታይ ነገር የለም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የተወሰኑ ትላልቅ ሹማምንት ወደዚያ ግቢ ገቡ። ከነሱ አንዱ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ከወጡ በኋላ ለጥቂት ቀናት የአገሪቱ መሪ የነበሩት ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ናቸው።

በሌሉበት ተከሰሱ። በሌሉበት ተፈረደባቸው። በ2000 ዓ.ም. በሕይወት በነበሩት ላይ የሞት ቅጣት ተወሰነ። ጣሊያን ደግሞ «ሞት ወደሚጠብቃቸው ቦታ አሳልፌ አልሰጥም» አለች። ጄኔራል ተስፋዬ እዚያው ግቢ ውስጥ ሞቱ፤ አንድ ሌላም ከሳቸው በፊት ሞቶ ነበር። የቀሩት ሁለቱ፣ ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ፣ መውጣት የቻሉት የሞት ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ከተቀየረና ፍርድ ቤት በአመክሮ ይለቀቁ ካለ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልፏል።

አንድ ጊዜ በዚያ በኩል በታክሲ ሳልፍ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት አጥሩን በአገጫቸው አሳዩኝና «ልጄ፣ ፖሊሱ እኮ መዝለል አቅቶት አይደለም» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው አባባ?»

«እሱንማ እናንተ የተማራችሁት ንገሩን» አሉና «ወራጅ አለ!» ብለው ወረዱ።

የዛሬው ወሬዬ ለሳቸው የዘገየ መልስ ነው።

መጀመሪያ በወረቀት ላይ ያለውን እንይ። የ1961 የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 22 የኤምባሲ ግቢ አይደፈርም ይላል። የአገሩ ፖሊስ እንኳ አምባሳደሩ ካልፈቀደ አይገባም። ልብ በሉ፣ ይኸው ስምምነት ኤምባሲ የተፈረደበትን ሰው ይሸሽግ አይልም። እንዲያውም አንቀጽ 41 ግቢውን ከሥራው ጋር ለማይገጥም ነገር አትጠቀሙበት ይላል። ስለዚህ ኢትዮጵያ የምታቀርበው ቅሬታ ባዶ አልነበረም። ግን ቅሬታ መያዝ ሌላ፣ አጥር መዝለል ሌላ ነው። ቅር ያለው አገር ዲፕሎማቱን ማባረር ይችላል። ግንኙነቱን ማቋረጥ፣ ኤምባሲውንም ማዘጋት ይችላል። መዝለል ግን አይችልም።

ለምን? ሮም ውስጥ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ የኛ ሰነድ፣ የኛ ሰው፣ የኛ ባንዲራ አለ። ዛሬ ቀበና ላይ የተዘለለ አጥር ነገ ሮም ላይ ይዘለላል። አባቶቻችን ብድር በምድር የሚሉት ይኼንኑ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ ከመቶ በላይ ኤምባሲ አለባት። አንድ አጥር ቢዘለል መቶው ኤምባሲ በዚያኑ ማታ ለየአገሩ መልእክት ይጽፋል።

ለንደን ከዚህ የከበደ ነገር ገጥሟታል። ሚያዝያ 1984 ከሊቢያ ኤምባሲ መስኮት ጥይት ተተኮሰና ውጭ ሰልፍ የምትጠብቅ ፖሊስ ሞተች። በጠራራ ፀሐይ፣ ካሜራ ፊት። የእንግሊዝ ፖሊስ ሕንፃውን ለአሥራ አንድ ቀን ከበበው፤ አልገባም። በመጨረሻ ውስጥ የነበሩት በሙሉ ወጥተው አገራቸው ገቡ። ሕዝቡ በንዴት በገነ። ግን ትሪፖሊ ውስጥ የእንግሊዝ ዲፕሎማቶች ከነቤተሰቦቻቸው ነበሩ፤ የነሱም ኤምባሲ ተከቦ ነበር። ለንደን አስልታ ነው የታገሠችው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ «ፖሊስ የሌለው ሕግ ምኑ ሕግ ነው? ጥርስ የሌለው አንበሳ አይደለም ወይ?» እያለ ነው። ዕድራችሁን አስቡ። ዕድር ፖሊስ አለው? የለውም። ግን መዋጮ ይከፈላል፤ ለቅሶ ላይ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም እያጉረመረመ ይከፍላል። ነገ የራሱ ቤት ድንኳን እንደሚተከል ያውቃላ። መንግሥታትም ይኼው ናቸው። አውሮፕላናቸው በሌላው ሰማይ ያልፋል፤ ደብዳቤያቸው በሌላው ፖስታ ቤት ይደርሳል። አሁን ከኋላ ስልኩ የጮኸበት ወንድሜም (ዝም አሰኘው፣ አመሰግናለሁ) ከውጭ አገር ተደውሎለት ከሆነ፣ 251 ኢትዮጵያ እንድትሆን መንግሥታት ስለተስማሙ ነው የደረሰው። ይኼን ደንብ የሚጥስ የለም። ስለማይጣስም ዜና አይሆንም። ዜና የሚሆነው ጥሰቱ ስለሆነ ሁሉም የሚጣስ ይመስለናል።

ምሳሌዬ እንከን አለው፤ እኔው ልናገረው። በዕድር ውስጥ የሌሎቹን ሁሉ ድምፅ ብቻውን የሚሽር አባል የለም። በጸጥታው ምክር ቤት ግን አምስት አሉ። ይኼን ረስቶ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ የሚያወራ ሰው ወይ የዋህ ነው ወይ ከአምስቱ የአንዱ ዲፕሎማት ነው።

እሺ፣ ሕጉ ከየት ይመጣል? ከሁሉ በላይ የሆነ የዓለም ፓርላማ የለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ቢሆን በአብዛኛው የሚያወጣው ምክረ ሐሳብ ነው። ትልቁ ምንጭ ውል ነው። ውል ስል ደግሞ እኛ አገር ሁሉም ሰው አንድ ቃል ያስታውሳል፦ ውጫሌ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውል በሁለት ቋንቋ ነበር። በአንቀጽ 17 አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። አንድ ግስ ነው። ጣሊያን በዚያች ግስ ላይ ተመሥርታ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች። ምኒልክ ነገሩ የገባቸው ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጽፈው «በጣሊያን በኩል ይምጣ» የሚል መልስ ሲደርሳቸው ነው። በ1893 ውሉን አፈረሱ። ከዚያ ዓድዋ መጣ። ከዓድዋ በኋላ ጥቅምት 1896 አዲስ አበባ ላይ አዲስ ውል ተፈረመ። ያ ውል ውጫሌን ሻረ፤ የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነትም ተቀበለ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ዓድዋ ሳይሆን ከዓድዋ በፊት ያሉት ዓመታት ናቸው። ምኒልክ ወዲያው ጦር አላዘመቱም። ደብዳቤ ጻፉ። «እኔ የፈረምኩት ይኼን ነው» ብለው ተከራከሩ። የሕግ ሰው ክርክር ነው። ዛሬ በ1969ኙ የቪየና የውል ሕግ ስምምነት አንቀጽ 33 ላይ፣ ውሉ ራሱ ሌላ ካላለ በስተቀር ሁለቱም ቋንቋ እኩል ኃይል አለው ተብሎ ተጽፏል። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ዛሬ በኛ አገር ውል እንዴት ሕግ ይሆናል? ሥራ አስፈጻሚው ይደራደራል፣ ይፈርማል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ንኡስ አንቀጽ 4 የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ፊርማ ብቻውን እንደ ሽምግልና ነው፤ ሰርጉ ማጽደቁ ነው። የናይል ተፋሰስን የትብብር ማዕቀፍ ተመልከቱ። በ2010 ኢንቴቤ ላይ መፈረም ተጀመረ። ሥራ ላይ ለመዋል ስድስት አገር ማጽደቅ ነበረበት። ስድስተኛዋ ደቡብ ሱዳን ሆነችና ጥቅምት 2024 ሕግ ሆነ። አሥራ አራት ዓመት!

እዚህ ላይ የማንወደውን ነገር ልናገር። እኛ ግብፅና ሱዳን በ1959 ውሃውን ለሁለት የተካፈሉበትን ውል «አልፈረምንም፣ አይመለከተንም» እንላለን። ልክ ነን። በማያውቁት ውል አይጠየቁም። ግን ይኸው ደንብ ግብፅ ያልፈረመችውን የ2010ሩን ማዕቀፍ አልታሰርበትም ስትልም ይሠራላታል። ቢላዋው ባለ ሁለት ስለት ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚከራከሩት ብዙ ጊዜ አንዱን ስለት ብቻ ነው የሚያዩት።

ሁለተኛው ምንጭ ልማድ ነው። የትኛውም ልማድ ግን አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ልማድ ነው። ቶናን ጠጥቶ የሄደ እንግዳ ግን አይከሰስም፤ ቢበዛ ይታማል። ልማድ ሕግ የሚሆነው መንግሥታት ሲያደርጉት ኖረው፣ የሚያደርጉትም «ግዴታዬ ነው» ብለው ሲያምኑ ነው።

በጣም የምወደው ማስረጃ የሁለት ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ጉዳይ ነው። 1898 ነው። አሜሪካና ስፔን ይዋጋሉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኩባ አካባቢ ፓኬቴ ሐባና እና ሎላ የሚባሉ ሁለት ጀልባዎችን ያዘ። የጫኑት ዓሣ ብቻ ነው፤ ከነሕይወቱ። በመጀመሪያዋ ላይ ሦስት ሰው፣ በሁለተኛዋ ስድስት። ጦርነቱ መኖሩን እንኳ የሚያውቁ አልነበሩም። ጀልባዎቹ ተጎትተው ሄዱና በሐራጅ ተሸጡ፤ አንዷ በ490 ዶላር፣ ሌላዋ በ800።

ባለቤቶቹ ከሰሱ። ምን ይዘው? ውል የለም። የአሜሪካ ሕግ አውጪም «ዓሣ አጥማጅ አትያዙ» አላለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምን አደረገ? የኋላ ታሪክ ይቆፍር ጀመር። እስከ 1403 ድረስ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ ለሹማምንቱ እስከሰጠው ትእዛዝ ድረስ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ እያለ አገር በአገር ተራመደ። በጦርነት መሐል ድሃ ዓሣ አጥማጅ አይነካም የሚለው ነገር በመቶ ዓመታት ሂደት ከቸርነት ወደ ሕግ ተለውጧል ብሎ በጥር 1900 ወሰነ። ገንዘቡ ይመለስ፣ ካሣም ይከፈል አለ። እንግዲህ በአሸናፊው አገር ፍርድ ቤት ከተሸናፊው ወገን የመጡ ዓሣ አጥማጆች ረቱ። ማንም ፓርላማ ያላወጣውን ሕግ ይዘው!

ሕግ እንዴት ይወጣል ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ እንዴት እንደሚለወጥም መናገር አለብኝ። እዚህ ላይ የኛ አገር ትልቅ ሥራ ሠርታለች፤ ብዙ አይወራም።

በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ በሚገኘው የዓለም ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጉዳዩ የዛሬዋ ናሚቢያ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታቱ ማኅበር ያንን ምድር ለደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት ሰጥቶ ነበር። እሷ ግን አፓርታይድን አስገባችበት። ከሳሾቹ ለምን እኛና ላይቤሪያ ሆንን? ከደቡብ አፍሪካ ከራሷ ሌላ፣ የማኅበሩ አባል ለመሆን የበቃን ነፃ የአፍሪካ አገሮች ጥቂት ነበርን። የመክሰሻው በር ለነዚያ አባላት ብቻ ነው የተከፈተው።

ክርክሩ ስድስት ዓመት ፈጀ። ሐምሌ 1966 ፍርድ ተሰጠ። ድምፁ 7 ለ 7 ሆነ። እኩል ሲሆን የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ይወስናል። ፕሬዚዳንቱ አውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደር ነበሩ፤ ድምፃቸውን ደገሙት። ውሳኔው ከሳሾች በጉዳዩ ላይ የራሳቸው የሕግ መብት የላቸውም የሚል ነው። አፓርታይድ ልክ ነው አላለም፤ ልክ አይደለምም አላለም። ዋናውን ነገር ሳይነካው በሩን ዘጋው። ከስድስት ዓመት በኋላ!

አፍሪካ በገነ። ግን ንዴቱ ወደ ሥራ ተቀየረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ጠቅላላ ጉባኤው የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት አቋረጠ። በ1970 የጸጥታው ምክር ቤት እዚያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት፣ አብዛኞቹ ዳኞች ተለውጠው፣ ምክር ተጠይቆ «ደቡብ አፍሪካ ትውጣ» አለ። ናሚቢያ ነፃ የወጣችው መጋቢት 1990 ነው። በእርግጥ ናሚቢያን ነፃ ያወጣው ሕግ ብቻ አይደለም፤ ደም ፈስሷል። ግን ታጋዮቹ በየአዳራሹ ሲገቡ በእጃቸው አንድ ወረቀት ነበር፤ ያ ወረቀት የመጣው ከተሸነፍንበት ክስ ነው።

አሁን ወደማይመቸው ክፍል ልምጣ። የማይታዘዙስ?

ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር ሕግ ጥሳለች ብሎ ወሰነ። ማዕቀብም ጣለ። ከማዕቀቡ ውስጥ ግን ዋናው ነገር፣ ነዳጁ፣ የለም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋባትም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 1936 ጄኔቭ ቆመው ተናገሩ፤ በማግስቱ ወር ማዕቀቡ ተነሣ። ይኼን በቆንጆ ቃል ማለስለስ አልፈልግም። ሕጉ በጣም በተፈለገበት ቀን አልተገኘም።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። አልጀርስ ላይ በ2000 ከኤርትራ ጋር ስንፈርም የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ ይሆናል ብለናል። ኮሚሽኑ በ2002 ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። በ2003 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ደብዳቤ ጽፈው ውሳኔውን ሕገ ወጥ ነው አሉት። ሙሉ በሙሉ ተቀብለናል የተባለው በ2018 ነው። የደብዳቤውን ቃል አስተውሉ፦ «ሕገ ወጥ»። «ሕግ አይመለከተንም» አላሉም። ሕጉን የተቃወሙት በሕግ ስም ነው። ይኼን ሁሉም ያደርገዋል። ሌባ እንኳ «የሰው ዕቃ መውሰድ መብቴ ነው» አይልም፤ «የኔ መስሎኝ ነው» ነው የሚለው። የዓለም ፍርድ ቤትም በ1986 በኒካራጓና በአሜሪካ ጉዳይ ይኼንኑ ብሏል፦ ጣሹ አገር በሕጉ ውስጥ ሰበብ ከፈለገ ሕጉን አጠነከረው እንጂ አላፈረሰውም።

ታዲያ የሕጉ ጥቅም ምኑ ላይ ነው? እኔ እስከገባኝ፣ ዓለም አቀፍ ሕግ ሌባውን አይዝም። የተሰረቀው ሰው የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል። እንደ ብድር ወረቀት ነው። ወረቀቱ ተበዳሪውን ጎትቶ አያመጣም፤ ግን «ከመቼ ወዲህ አበድረኸኝ» እንዳይል ያደርገዋል።

የአክሱም ሐውልት እንዲህ ነው የተመለሰው። የሙሶሊኒ ሰዎች በ1937 ወስደው ሮም ላይ አቆሙት። በየካቲት 1947 ጣሊያን ፓሪስ ላይ የሰላም ውል ፈረመች። አንቀጽ 37 ከጥቅምት 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎችና የታሪክ ዕቃዎች ውሉ ሥራ ላይ ከዋለ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ይመለሱ ይላል። በዚሁ ውል ጣሊያን 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፤ የቆቃ ግድብ ከዚያ ካሣ ነው የተሠራው።

ሐውልቱ ግን በአሥራ ስምንት ወር አልመጣም። በአሥር ዓመትም፣ በሃያም አልመጣም። ከባድ ነው፣ መንገድ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ይሰበራል፤ ሰበቡ ብዙ ነበር። አንድም ጊዜ ግን «አይገባችሁም» የሚል መልስ አልቆመም፤ አንቀጽ 37 አለ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል። እኛ አላቀለልነውም። ንጉሡ ጠየቁ፣ ንጉሡን የጣሉት ጠየቁ፣ እነሱን የጣሉትም ጠየቁ። በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙ መንግሥታት እዚህ ላይ ያቺኑ አንቀጽ ነው የጠቀሱት። ምሁሩም፣ ተማሪውም፣ ውጭ ያለውም ፊርማ አሰባሰበ።

በ2002 ሮም ላይ መብረቅ መታው። «እዚያ ይሻለዋል» የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ብዙም አልተሰማ። በሚቀጥለው ዓመት ማውረድ ተጀመረ። በሦስት ተቆረጠ። ቁራጮቹን መሸከም የሚችል አውሮፕላን በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ አንቶኖቭ ተከራዩ፤ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያም ለሱ ሲባል ተሻሻለ። ሚያዝያ 2005 የመጀመሪያው ቁራጭ አክሱም አረፈ። ከአሥራ ስምንት ወሩ ቀጠሮ ሃምሳ ስድስት ዓመት ዘግይቶ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ማይኩ ከኋላ በኩል ነው።